የፈረሙትን አሳዩን

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የዓለም ዓይን ኒው ዮርክ ላይ ነበር። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በጸጥታው ምክር ቤት ተቀምጠው ኢራቅ ደብቃዋለች ስለተባለው የጦር መሣሪያ ሲያስረዱ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር። በዚያው ዕለት ዋሽንግተን ላይ፣ በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ፊት፣ ጄይ ባይቢ የሚባሉ ዕጩ ቀረቡ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ያጯቸው ለዘጠነኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። ካሊፎርኒያንና አላስካን ጨምሮ ከዘጠኝ ግዛቶች የሚነሳ የፌዴራል ይግባኝ የሚታየው በዚህ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የዳኝነቱ ወንበር አንዴ ከተያዘ የዕድሜ ልክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባይቢ በዚያን ጊዜ የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ ቢሮ ኃላፊ ነበሩ። ቢሮው ትንሽ ነው፤ ቃሉ ግን ይከብዳል። ቤተ መንግሥቱም ሆነ የስለላ ድርጅቱ «ይህን ብናደርግ ሕግ ይፈቅድልናል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን በጽሑፍ የሚሰጠው ይህ ቢሮ ነው። የሰጠው መልስም በመንግሥት ውስጥ እንደ ሕግ ይያዛል። ሴናተሮች ዕጩውን ስለሰጧቸው የሕግ ምክሮች በጽሑፍ ሲጠይቋቸው፣ ለሥራ አስፈጻሚው የሰጠሁትን ምክር በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ የሚል መልስ ሰጡ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ማርች 13 ቀን ሴኔቱ በ74 ድጋፍና በ19 ተቃውሞ ሹመታቸውን አጸደቀ።

ኮሚቴው ፊት ከመቅረባቸው ከስድስት ወር በፊት፣ ኦገስት 1 ቀን 2002፣ ባይቢ አንድ የሕግ አስተያየት ፈርመው ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት የበታቻቸው ጆን ዩ ናቸው፤ የተጻፈው ደግሞ ለፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ ለአልቤርቶ ጎንዛሌዝ ነው። አስተያየቱ እንደሚለው፣ በእስረኛ ላይ የተፈጸመ ድርጊት በሕግ «ማሰቃየት» የሚባለው ያደረሰው ሕመም የአካል ክፍል ሥራ ከማቆሙ ወይም ከሞት ጋር አብሮ ከሚመጣው ሕመም ጋር የሚተካከል ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጭካኔ ሊባል ይችል ይሆናል እንጂ ማሰቃየትን የሚቀጣው ሕግ አይነካውም። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ በመሆናቸው ያ የወንጀል ሕግ በጦርነት ጊዜ እሳቸውን ላያስራቸው ይችላል ይላል። በዚያው ቀን በተፈረመ ሁለተኛ ሰነድ፣ እስረኛን አስሮ ፊቱ ላይ ውኃ በማፍሰስ የመስጠም ስሜት እንዲሰማው የሚያደርገው ምርመራ ተፈቀደ። ዋተርቦርዲንግ የሚባለው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ ለጋዜጦች ሾልኮ የወጣው በጁን 2004 ነው፤ ሹመቱ ከጸደቀ ከ15 ወር በኋላ። ሁለተኛው እስከ ኤፕሪል 2009 ድረስ የፀሐይ ብርሃን አላየም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ነው። የኮሚቴው አንጋፋ ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ኋላ ላይ እውነቱ ቢነገር ኖሮ ሹመቱ ባልጸደቀ ነበር አሉ፤ ዳኛውም ሥራቸውን እንዲለቁ ጠየቁ። ዳኛው አለቀቁም። የፌዴራል ዳኛን ከወንበሩ ማንሳት የሚቻለው በክስ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ምክር ቤቱ አልሞከረውም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሥነ ምግባር ክፍል ለዓመታት መርምሮ ባይቢም ዩም የሙያ ጥፋት ፈጽመዋል ቢልም፣ አንድ ከፍተኛ የሚኒስቴሩ ባለሥልጣን ግኝቱን ወደ «የማመዛዘን ጉድለት» ዝቅ አድርገው ፋይሉን በ2010 ዘጉት።

ሴናተሮቹ እጃቸውን ለባይቢ ባወጡበት ሰሞን አንድ ኢትዮጵያ የተወለደ ወጣት ሞሮኮ ውስጥ ታስሮ ነበር። ቢንያም መሐመድ ይባላል። በ1994፣ ገና በልጅነቱ፣ እንግሊዝ ገብቶ ጥገኝነት ጠይቋል፤ በ2001 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ፤ በኤፕሪል 2002 ካራቺ አውሮፕላን ጣቢያ በሌላ ሰው ፓስፖርት ሊሳፈር ሲል ተያዘ። በዚያ ዓመት ጁላይ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በአውሮፕላን ወደ ሞሮኮ አስተላለፈው። እዚያ የቆየው 18 ወር ያህል ነው። እሱ እንደሚለው ይደበድቡታል፤ እንቅልፍ ይነሱታል፤ ደረቱንና ብልቱን በስለት ይቆራርጡታል። በጃንዋሪ 2004 ወደ ካቡል ወስደው ብርሃን በሌለበት እስር ቤት ጣሉት፤ በሴፕቴምበር ጓንታናሞ ደረሰ። በ2009 መገባደጃ የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ግላዲስ ኬስለር በሌላ እስረኛ ጉዳይ ላይ በጻፉት ውሳኔ የቢንያምን ቃል ዘርዝረው፣ የአሜሪካ መንግሥት ይህን ታሪክ እንዳላስተባበለ መዝግበዋል።

ቢንያም የተከሰሰበት ነገር ነበር፤ ከአልቃይዳ ጋር አሢሯል ተብሏል። ክሱ በኦክቶበር 2008 ተነሣ፤ እሱም በፌብሩዋሪ 2009 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ጥፋተኛ ነው ወይስ ንጹሕ የሚለውን ፍርድ ቤት ተሟግቶበት አልወሰነም፤ እኔም ልወስን አልነሣሁም። ስሙን ያነሣሁት ሴናተሮቹ «የሕግ ምክር» እያሉ የሚጠይቁት ነገር በሰው ገላ ላይ ምን እንደሆነ የሚያሳይ ሰው እሱ ስለሆነ ነው። ስለ ዕጩ «የነጻነት መዝገብ» ስናወራ የምናወራው ስለ ፖለቲካ ዝንባሌ ይመስለናል። መዝገቡ ግን ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚደርስበት ሰው አለ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ይሹም፣ ሴኔቱም መክሮ ይስማማ ይላል እንጂ እንዴት እንደሚመረመር አይናገርም። ለረጅም ዘመን ምርመራው በዝግ በር ነበር። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ምስክር የመስማት ጉባኤ የተደረገው በ1916 በሉዊስ ብራንዳይስ ሹመት ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ግን አልቀረቡም። ቀርቦ ጥያቄ የመለሰ የመጀመሪያው ዕጩ በ1925 ሃርላን ስቶን ናቸው። ዛሬ ዕጩው ረጅም መጠይቅ ይሞላል፤ የጻፈውን፣ የተናገረውን፣ የፈረደውን ሁሉ ይዘረዝራል። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኋላ ታሪኩን ያጠናል። ከዚያ በካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሴናተር በተመደበለት ደቂቃ ይጠይቃል፤ ያልተመለሰው በጽሑፍ ይላካል። ሲታይ የተሟላ ነው። ቀዳዳው ያለው ዕጩው ለመንግሥት በምስጢር የጻፈው ላይ ነው። ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነትና ለከፍተኛ ዳኝነት የሚታጩት ደግሞ ብዙዎቹ ከዚያው ከመንግሥት ጠበቃነት የሚመጡ ናቸው። ዋናው ሥራቸው ያለበት መሳቢያ ተቆልፎ ነው የሚመረመሩት።

መሳቢያው ሲከፈት ምን እንደሚሆን ያሳየው በ1930 የጆን ፓርከር ጉዳይ ነው። ፕሬዚዳንት ሁቨር እኚህን የሰሜን ካሮላይና ዳኛ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያጩ የሚቃወማቸው ይኖራል ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤንኤኤሲፒ የሚባለው፣ የዋልተር ኋይትን አመራር ይዞ ማጣራት ጀመረ። አንድ የግሪንስቦሮ ጋዜጣ በ1920 ያወጣው ዜና እጁ ገባ። ፓርከር ያኔ ለግዛቱ አገረ ገዥነት ሲወዳደሩ ጥቁሮች በፖለቲካ መሳተፋቸው የክፉ ነገርና የአደጋ ምንጭ ነው ብለው ነበር። ማኅበሩ ብለውታል ወይ ብሎ ቴሌግራም ላከላቸው፤ መልስ የለም። ያንን የአሥር ዓመት የጋዜጣ ቁራጭ ይዞ ወደ ሴኔቱ ሄደ። የሠራተኛ ማኅበራትም በሌላ ፍርዳቸው ምክንያት ተቃውመዋቸው ነበርና ሜይ 7 ቀን ሹመቱ በ41 ለ39 ወደቀ። የአንድ ሰው ነገር በሁለት ድምፅ።

ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ቀጣዩን እያነሡ ይሞግታሉ፤ ሙግታቸውም ተገቢ ነው። ፓርከር ወደ ቀድሞ ወንበራቸው ተመልሰው በ1947 የደቡብ ካሮላይና ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጥቁሮችን ከቅድመ ምርጫው ማግለሉ ሕገወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በ1937 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገቡት ሁጎ ብላክ ደግሞ ቀድሞ የኩ ክላክስ ክላን አባል እንደነበሩ አንድ የፒትስበርግ ጋዜጠኛ ያጋለጠው ሹመታቸው ከጸደቀ በኋላ ነው። ብላክ ከዚያ በኋላ ለመናገር ነጻነት ጠንክረው የቆሙ ዳኛ ሆኑ። ግን በ1944 ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በጅምላ ከመኖሪያቸው መነሣታቸውን ያጸደቀውን የኮሬማትሱን ውሳኔ የጻፉትም እሳቸው ናቸው፤ በዚያው ጉዳይ በተቃውሞ ከጻፉት አንዱ ደግሞ የፓርከርን ቦታ የወሰዱት ኦወን ሮበርትስ ናቸው። ሰው ይለወጣል፤ የትኛውም መዝገብ ትንቢት አይሆንም። ለእኔ ግን ይህ መመርመርን የሚያስቀር ሙግት አይደለም። በ1930 የተጠየቀው ፓርከር በ1947 ምን ይፈርዳሉ የሚል አልነበረም። ድምፁን እንዲሰጥ ያልፈቀዱለት ሕዝብ ይህ ሰው እንዲዳኘው ይገባል ወይ የሚል ነው። ያ ሕዝብ ደግሞ ጥያቄውን የሚጠይቅበት ሌላ ቀን አልነበረውም።

በ2004 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ቡሽ ጎንዛሌዝን ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነት ሲያጩ ግን የኦገስቱ ሰነድ ስለወጣ ሴኔቱ እንደ ባይቢ ጊዜ አልታወረም። ጎንዛሌዝ የስደተኛ ሠራተኞች ልጅ ናቸው፤ ከድህነት ተነሥተው ሃርቫርድ የደረሱ። ታሪካቸውን የሰማ ሁሉ ይደሰታል፤ የኮሚቴው አባላትም ተደስተዋል። በጃንዋሪ 6 ቀን 2005 ጉባኤ ላይ ግን ፊታቸው ሁለት ወረቀት ነበረ። አንደኛው በስማቸው የተጻፈላቸው የባይቢ አስተያየት ነው። ሁለተኛው በጃንዋሪ 2002 በእሳቸው ስም ለፕሬዚዳንቱ የተዘጋጀ ማስታወሻ ሲሆን፣ አዲሱ ጦርነት የጄኔቫ ስምምነት በእስረኞች ምርመራ ላይ የጣለውን ጥብቅ ገደብ ጊዜ ያለፈበት አድርጎታል ይላል።

ጉባኤው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ዲሴምበር 30 ቀን 2004 የፍትሕ ሚኒስቴሩ የኦገስቱን ሰነድ የሚተካ አዲስ አስተያየት አወጣ። መክፈቻው ማሰቃየት ለአሜሪካ ሕግም ለዓለም አቀፍ ደንብም አጸያፊ ነው ይላል። ሰነዱ ከስድስት ወር በፊት በጁን የተሻረ ቢሆንም ተተኪው የወጣው ሹመቱ በር ላይ ሲደርስ ነው። ካሜራ ይበራል፣ ጥያቄ ይመጣል የሚለው ስጋት አንድን የመንግሥት አቋም በአደባባይ ያስቀየረ ይመስላል። ነገር ግን አዲሱ ጽሑፍ በግርጌ ማስታወሻው፣ ቢሮው ቀደም ሲል በእስረኛ አያያዝ ላይ የሰጣቸው አስተያየቶች በአዲሱ መለኪያም ሲታዩ መደምደሚያቸው ይለወጣል ብለን አናምንም ይላል። የፊቱ ገጽ ለሴኔቱ፣ የግርጌው መስመር ለመርማሪዎቹ።

ሌሂ ጠየቁ፤ በዚያን ጊዜ በኦገስቱ ሰነድ ተስማምተው ነበር ወይ? ጎንዛሌዝ በትንታኔው ሁሉ ተስማምቼ እንደሆነ አሁን አላስታውስም፤ ሚኒስቴሩ በደረሰበት መደምደሚያ ላይ ግን ቅር የሚለኝ የለም አሉ። ማሰቃየትን አጥብቄ እቃወማለሁም አሉ። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው፣ «ማሰቃየት» ምን እንደሆነ የወሰነው ያው የማይቃወሙት መደምደሚያ እንደሆነ ግልጽ ነው። በምስክርነት የቀረቡት የባሕር ኃይሉ የቀድሞ ዋና የሕግ መኮንን አድሚራል ጆን ሃትሰን ወታደሩን የሚጎዳው ማን እንደሆነ በወታደር ቋንቋ አስረዱ። ዛሬ የጄኔቫን ስምምነት ያላላ ሠራዊት ነገ ልጆቹ ሲማረኩ የሚጠራው ሕግ አይኖረውም። ጡረታ የወጡ አሥራ ሁለት ጄኔራሎችና አድሚራሎችም ስጋታቸውን በደብዳቤ ጽፈው ነበር።

የዚያን ቀን ትልቁ ጥያቄ ግን ጋዜጦች ብዙም ልብ ያላሉት ነው። ሴናተር ራስ ፋይንጎልድ፣ ፕሬዚዳንቱ የወንጀል ሕግን ተላልፈው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የአሜሪካውያንን ስልክ ማስጠለፍ ይችላሉ ወይ ብለው ጠየቁ። ጎንዛሌዝ ይህ በግምት ላይ የቆመ ጥያቄ ነው ብለው አለፉት። ፌብሩዋሪ 3 ቀን በ60 ለ36 ሹመታቸው ጸደቀ። በዲሴምበር 2005 ኒው ዮርክ ታይምስ ለዓመታት ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሲጠለፍ መኖሩን አወጣ። ግምት አልነበረም፤ ዕጩው ያን መልስ ሲሰጡ ጠለፋው እየተካሄደ ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪም እሳቸው ነበሩ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚባልበት አገር ላደገ ሰው ይህን ማንበብ ያማል። ጎንዛሌዝ ከሥልጣን የለቀቁት በ2007 ነው።

በእሳቸው ዘመን፣ በሜይ 2005፣ ሌላ የሕግ አማካሪ ቢሮ ኃላፊ ስቲቨን ብራድበሪ አዳዲስ የምስጢር አስተያየቶች ፈረሙ፤ ውኃ ማፍሰሱም፣ በጥፊ መማታቱም፣ እንቅልፍ መንሣቱም፣ ተደራርበው ሲፈጸሙም ጭምር ሕጋዊ ናቸው የሚሉ። እነዚህ መኖራቸው የታወቀው በኦክቶበር 2007 መጀመሪያ ነው፤ የጎንዛሌዝ ተተኪ ዕጩ ማይክል ሙኬሲ ሊጠየቁ ቀናት ሲቀራቸው። ሙኬሲ የተከበሩ የኒው ዮርክ ዳኛ ነበሩ፤ ሁለቱም ፓርቲዎች እፎይ ብለው ነበር የተቀበሏቸው። በሁለተኛው ቀን ዋተርቦርዲንግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጣረሳል ወይ ሲባሉ፣ ማሰቃየት ከሆነ ይጣረሳል አሉ። ማሰቃየት ነው ወይ ሲባሉ ዝርዝሩን አላውቅም አሉ። ኋላ በጻፉት ደብዳቤ ለእኔ በግሌ አጸያፊ ነው፣ ሕጋዊነቱን ግን ምስጢሩ ሳይነገረኝ ልናገር አልችልም አሉ።

በዚያው ሰሞን ኤቢሲ ዜና ስለ አንድ የሚኒስቴሩ ጠበቃ ዘገበ። የዲሴምበሩን ተተኪ አስተያየት የጻፉት ዳንኤል ሌቪን ናቸው። ከመጻፋቸው በፊት ወደ አንድ የጦር ሰፈር ሄደው ውኃው በራሳቸው ላይ እንዲፈስ አድርገው ነበር። እንደማይሞቱ ያውቃሉ፤ ሆኖም እንደ መስጠም ሆኖባቸው እጅግ አስፈራቸው። ሙኬሲ ዝርዝሩን አላውቅም ሲሉ የሚያውቅ ጠበቃ በዚያው ሚኒስቴር ሠርቶ አልፏል። ሹመቱ በኮሚቴው 11 ለ8፣ በሙሉው ሴኔት ደግሞ 53 ለ40 ጸደቀ።

በጃንዋሪ 15 ቀን 2009 የባራክ ኦባማ ዕጩ ኤሪክ ሆልደር በዚያው ኮሚቴ ፊት ተቀምጠው ያን ጥያቄ ሲጠየቁ ዋተርቦርዲንግ ማሰቃየት ነው ብለው አንድም ሳያንገራግሩ መለሱ። ብዙዎቻችን ደስ አለን። ፌብሩዋሪ 2 ቀን በ75 ለ21 ጸደቀላቸው።

ከሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን፣ የእሳቸው ሚኒስቴር ጠበቃ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቆሙ። የመዝገቡ ስም መሐመድ በጄፕሰን ዳታፕላን ላይ ይላል። ከሳሹ ያ ቢንያም ነው፤ ከአራት ሌሎች ጋር። የተከሰሰው የምስጢሩን በረራ አመቻችቷል የተባለ የቦይንግ ቅርንጫፍ ኩባንያ ነው። የቡሽ መንግሥት ነገሩ የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ ክሱ ሳይሰማ ይዘጋ ብሎ ነበር። ዳኛ ሜሪ ሽሮደር አዲስ አስተዳደር መግባቱን አስበው፣ አቋማችሁን የሚለውጥ ነገር ተፈጥሯል ወይ አሉ። ጠበቃው የለም አሉ። ዳኛዋ ደግመው ጠየቁ። ጠበቃው አቋሙ በአዲሱ አስተዳደር ኃላፊዎች ታይቶ የጸና ነው ብለው መለሱ። ሚኒስቴሩ በምስጢር ስም የተያዙ መዝገቦች ሁሉ እንዲመረመሩ ሆልደር ማዘዛቸውን ቢገልጽም የዚህ መዝገብ አቋም አልተነቃነቀም። ሦስቱ ዳኞች ለከሳሾች ቢፈርዱም መንግሥት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠየቀ፤ በሴፕቴምበር 2010 በአሥራ አንድ ዳኞች ፊት 6 ለ5 ረታ። በሜይ 2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላየውም አለ። ክሱ የተሸነፈው ባይቢ በዳኝነት በሚሠሩበት ፍርድ ቤት ነው፤ እሳቸው በዚህ ችሎት አልተሰየሙም። እንግሊዝ ግን ስለ ቢንያም አያያዝ የሚናገሩትን ሰባት አንቀጾች በፌብሩዋሪ 2010 በይግባኝ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሕዝብ አውጥታለች።

የምለው ይህ ነው፤ ዕጩን ምን ታምናለህ ብሎ ማፋጠጥ ያለውን ጥቅም አልክድም፣ ግን ጥሩ መልስ ርካሽ ነው። የሚያስይዘው ሰነዱ ነው። ዕጩው የፈረመውን ሳያዩ ድምፅ የሚሰጡ ሴናተሮች የሚያጸድቁት ስም እንጂ ሰው አይደለም። ለዚህም የፓርቲ ልዩነት የለም።

ሴናተሮች ሰነዱ ካልመጣ አንሰጥም ያሉበት ጊዜ ደግሞ አለ፤ ውጤቱም ታይቷል። በ2013 ኦባማ ዴቪድ ባሮንን ለመጀመሪያው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጩ። የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ከዚያ በፊት ግን ያንኑ የሕግ አማካሪ ቢሮ መርተው፣ የመን ውስጥ የነበረውን አሜሪካዊ አንዋር አል አውላኪን ያለ ፍርድ በድሮን መግደል ሕጋዊ ነው የሚል አስተያየት ጽፈው ነበር። አውላኪ በሴፕቴምበር 2011 ተገደለ። የኬንታኪው ሪፐብሊካን ራንድ ፖል አንድ ዜጋ ሳይከሰስ እንዲገደል የጻፈ ሰው ጽሑፉ ሳይነበብ ዳኛ አይሆንም አሉ። የዜጎች ነጻነት ተሟጋቹ ኤሲኤልዩም፣ ግራ ዘመም ቢባልም፣ በዴሞክራቱ ዕጩ ላይ ያንኑ አለ። አንዳንድ ዴሞክራቶችም ማመንታት ጀመሩ። ቤተ መንግሥቱ ያልተሰረዘበትን ቅጂ ሴናተሮች በተዘጋ ክፍል እንዲያነቡ ፈቀደ፤ ፍርድ ቤት ይውጣ ያለውንም ይግባኝ አልልም አለ። ሜይ 22 ቀን 2014 ባሮን በ53 ለ45 አለፉ። ሕዝቡ ሰነዱን ያነበበው በጁን 23 ነው፤ በአንድ ወር ዘግይቶ፣ ብዙ ቦታው ጠቁሮ። ያም ሆኖ ሰነዱ ወጣ።

የመከላከያ ሚኒስቴሩ ዋና ጠበቃ ዊሊያም ሄይንስ ደግሞ ጭራሽ አላለፉም። በ2002 መጨረሻ ጓንታናሞ ላይ እስረኞችን በውሻ ማስፈራራትንና ራቁት ማስቆምን የጨመረ የምርመራ ዝርዝር ለሚኒስትሩ ለዶናልድ ራምስፌልድ ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ፤ ሚኒስትሩም ፈረሙበት። ወረቀቱ ስለታወቀ ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መታጨታቸው ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆይቶ በ2007 መጀመሪያ ራሳቸው ተዉት። ባይቢንና ሄይንስን የለያያቸው የሥራቸው ዓይነት ሳይሆን ወረቀታቸው የወጣበት ቀን ነው።

በጉባኤ የተሰጠ ቃል የቆመበትንም መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ፍርዴ ይዛባል። ማርች 24 ቀን 2015 ሳሊ ዬትስ ለምክትል ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነት ቀርበው ነበር። የአላባማው ሴናተር ጄፍ ሴሽንስ፣ ፕሬዚዳንቱ ተገቢ ያልሆነ ነገር እንዲያደርጉ ቢጠይቅዎ እምቢ ይላሉ ወይ ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ዬትስ ሕጉንና ሕገ መንግሥቱን የመከተል፣ ለፕሬዚዳንቱም ነጻ የሆነ ምክር የመስጠት ግዴታ አለብኝ ብለው መለሱ። በጃንዋሪ 2017 ተጠባባቂ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሳሉ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሱዳንንና ሶማሊያን ጨምሮ የሰባት አገር ሰዎች እንዳይገቡ የሚያግድ ትእዛዝ አወጡ። ዬትስ ሚኒስቴሩ ትእዛዙን ፍርድ ቤት ላይ እንዳይከላከል አዘዙ፤ ጃንዋሪ 30 ቀን ማታ ተባረሩ።

ወንበሩን የያዙት ያን ጥያቄ የጠየቁት ሴሽንስ ናቸው። በ1986 ለዳኝነት ታጭተው ይኸው ኮሚቴ በ10 ለ8 ጥሏቸው ነበር፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ ባለቤት ኮሬታ ስኮት ኪንግ በዓቃቤ ሕግነታቸው ዘመን ጥቁር መራጮችን ለማስፈራራት ሥልጣናቸውን ተጠቅመዋል ብለው ደብዳቤ ጽፈውባቸዋል። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2017 ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን ያን ደብዳቤ በሴኔቱ አዳራሽ ሲያነቡ የአዳራሹን ሥነ ሥርዓት ተላልፈዋል ተብለው በድምፅ ብልጫ ዝም አሰኟቸው። በማግስቱ ሹመቱ በ52 ለ47 አለፈ።

ይህ ነገር ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሐበሻ ሩቅ ወሬ አይደለም። ጥገኝነት የጠየቀ ወገናችን ለችሎት ሲቀርብ ፊቱ የሚቀመጡት የስደተኞች ዳኛ የፍርድ ቤት ዳኛ አይደሉም፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ናቸው፤ የሚሾማቸው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ነው። በይግባኝ የሚያዩትም እንዲሁ። ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ከፈለገ አንዱን መዝገብ ወደ ራሱ አስመጥቶ ይወስናል፤ ያ ውሳኔ በአገሪቱ ያሉ የስደተኞች ዳኞችን ሁሉ ያስራል። ሴሽንስ በጁን 11 ቀን 2018 ይህን አደረጉ፤ አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት በባሏ ድብደባ ምክንያት ጥገኝነት ይገባታል የሚለውን ውሳኔ ሽረው፣ የቤት ውስጥ ጥቃትም የወንበዴ ቡድን ጥቃትም በአብዛኛው ለጥገኝነት አይበቃም አሉ። ከባሏ ሸሽታ የመጣች ኢትዮጵያዊትም የዚያኑ ቀን በሩ ጠበበባት። በ2021 ጁን 16 ሜሪክ ጋርላንድ ያን ውሳኔ ሻሩት። በመካከሉ ሦስት ዓመት አለ፤ በዚያ ሦስት ዓመት መዝገባቸው ተዘግቶ የተመለሱ ሰዎች አሉ።

እነዚህን የስደተኞች ዳኞች ሴኔት አያጸድቃቸውም፤ ካሜራ ፊት አይቀርቡም፤ መራጭ ስለ እነሱ አይጠየቅም። ከሥርዓቱ ሰዎች ሁሉ ሕዝብ ሳይሾም በፊት ሊጠይቀው የሚችለው አንድ ሰው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ነው። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሴናተሮች ቢሮ ስልክ የሚያነሣ ሰው አለው፤ በጽሑፍ የሚላከው ጥያቄም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለኮሚቴው ይገባል።